የረሳሁት 0.3 ፒኮፋራድ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ጆሮዬን ይዞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምብሰከሰክ ነው።

የማስተርስ መመረቂያዬ ርዕስ ለፋይበር መቀበያ የሚሆን አምፕሊፋየር ነበር፤ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት፣ በትንሽ ኃይል። ፎቶዳዮዱ ብርሃን ሲያገኝ ጥቂት ማይክሮአምፕ ይሰጣል፣ አምፕሊፋየሩ ያንን ወደ ቮልቴጅ ይቀይራል። ስካይወተር የሚባለው የቺፕ አምራች በነጻ የሚሰጠውን የ130 ናኖሜትር የዲዛይን ፋይል ጫንኩ። ኢንቨርተር (ሁለት ትራንዚስተር ያለው ቀላል ሰርኪዩት) ላይ ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመልስ የ1 ኪሎኦም ፊድባክ ሬዚስተር አሰርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ለዳዮዱ 0.2፣ ለትራንዚስተሮቹ 0.1 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም፤ ሲበዛ ሰርኪዩቱን ያዘገያል) ይዤ ሲሙሌት ሳደርግ ባንድዊድዙ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ የሚከተለው የፍጥነት ጣሪያ፣ 2.6 ጊጋኸርዝ መጣ። የምፈልገው 1.75 ነው፤ የመጽሐፉ ሕግ የቢት ሬቱ፣ የ2.5ቱ፣ 0.7 ይላል። በደስታ አራት ኪሎ ሄጄ ለሁለት ጓደኞቼ ማኪያቶ ጋበዝኩ። የዚያ ማኪያቶ ሂሳብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌይአውቱ (ቺፑ የሚሠራበት የቅርጽ ሥዕል) ሲያልቅ ፓዱና (ሽቦ የሚያያዝበት ብረት) ቺፑን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከለው ዳዮድ ሌላ 0.3 ፒኮፋራድ ይዘው መጡ። ካፓሲታንሱ እጥፍ፣ ባንድዊድዙ ግማሽ፦ 1.3። ፒያሳ በተከራየኋት ክፍል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሲሙሌተሩን ሰደብኩት። እንደገና ሳስነሳው መብራት ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመጣም ያው 1.3።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ትራንዚስተሮቹን አሰፋኋቸው። ጌይኑ (የማጉላት አቅሙ) እምብዛም አልጨመረም፤ የራሳቸው ካፓሲታንስ ግን አደገ፣ ኃይሉም ከ3 ወደ 7 ሚሊዋት ዘለለ። «ትንሽ ኃይል» የሚለው ርዕሴ መሳቂያ ሆነ። ሬዚስተሩን በግማሽ ስቀንሰው ኖይዙ (ሲግናሉን የሚረብሸው ጫጫታ) 1.4 እጥፍ ሆነ። አንዱን ስይዝ ሌላው ሲያመልጠኝ ሁለት ወር አለቀ።

አማካሪዬ «ሌይአውት መጨረሻ ላይ ነው፣ አትቸኩል» ይሉኝ ነበር። ይቅርታ፣ አልስማማም። አሁን ስኬማቲክ (የሰርኪዩት ንድፍ) ስከፍት መጀመሪያ የማስቀምጠው የፓዱን ካፓሲታንስ ነው፤ ትራንዚስተር የሚባል ነገር ሳይኖር።

ያዳነኝ «ባንድዊድዙ የቢት ሬቱ 0.7 ይሁን» የሚለውን ሕግ መጣሴ ነው። ትራንዚስተሮቹን ወደ ቀድሞ መጠናቸው፣ ሬዚስተሩን ወደ 1 ኪሎኦም መለስኩ፣ ባንድዊድዙን ጠባብ እንደሆነ ተውኩት፣ ከኋላው ትንሽ ኢኳላይዘር (የደከመውን ፈጣን ሲግናል መልሶ የሚያጎላ ሰርኪዩት) ጨመርኩ። እሱም ኖይዝ አያጣውም፤ ግን ሬዚስተር ከማሳነስ ይሻላል። ኃይሉ 4 ሚሊዋት ላይ ቆመ፣ አይ ዲያግራሙም (ቢቶቹ ተደራርበው የሚታዩበት ግራፍ፤ ሲከፈት 0 እና 1 በግልጽ ይለያሉ) ወለል ብሎ ተከፈተ።

ገምጋሚዎቹ «ባንድዊድዙ ለምን ከመጽሐፉ በታች ሆነ?» እያሉ ግማሽ ሰዓት አፋጠጡኝ። አይ ዲያግራሙ ከጀርባዬ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ቀና ብሎ ያየው የለም።