ከ1850 በፊት ያለውን ዘር በሰነድ መቁጠር

የባለቤቴ የአባት ወገን ከ1600ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ የኖረ ነው ይባላል። ልጆቻችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ በእሷ በኩል ግን ቅድመ አያት ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ሐረጉን አንዱን ሰነድ ከሌላው እያያዝኩ ወደ ኋላ ሄድኩበት። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።

የቅርቡ ዘመን ቀላል ነው። ከ1950 የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ በየ10 ዓመቱ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ስለተበላሸ ከ1900 ወደ 1880 መዝለል ግድ ነው። የ1880ው እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ይናገራል። የ1850ው ስምና ዕድሜ ይሰጣል እንጂ ዝምድናውን አይልም። ከዚያ በፊት፣ እስከ 1790 ድረስ፣ በስም የሚጻፈው አባወራው ወይም እማወራዋ ነው፤ የቀረው ቤተሰብ በጾታና በዕድሜ ተመድቦ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ብዙ ሐረግ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ፈላጊው አንድ ዓይነት ስም ያገኝና አባቱ ይኼ ነው ብሎ ይቀጥላል።

በእኛም ከተማ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ «ሲኒየር» ሌላው «ጁኒየር»። በዚያ ዘመን ይህ አባትና ልጅ ናቸው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ታላቁንና ታናሹን ለመለየት ብቻም ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ለሁለቱም ለየብቻ ዓምድ አውጥቼ፣ ከእያንዳንዱ የመሬት ውል ቀኑን፣ ሥራውን፣ የሚስቱን ስምና አዋሳኞቹን ገለበጥኩ። አንዱ ገበሬ፣ ሌላው ጫማ ሰፊ ሆኖ ወጣ። የሚስት ስም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ባሏ ቢሞት ከመሬቱ የሚደርሳትን ሲሶ መተዋን የምትፈርመው እዚያ ስለሆነ። ፊርማ ለማመሳከር ግን የውል መዝገብ አይበጅም፤ ጸሐፊው የገለበጠው ቅጂ ነው። የራሱ የሰውየው እጅ ያለው በውርስ ፋይሉ ውስጥ ነው።

የውርስ ፋይል ከኑዛዜው ሌላ የንብረት ዝርዝር፣ የክፍፍል ወረቀትና ወራሾች ድርሻቸውን ሲቀበሉ የፈረሙበትን ደረሰኝ ሊይዝ ይችላል፤ ያገቡ ሴቶች ልጆች በባላቸው ስም የሚገኙት እዚያ ነው። ልጅ ከኑዛዜ ቢጠፋ አልተወለደም ብላችሁ አትለፉ። አባቱ በሕይወት ሳለ መሬት ሰጥቶት ሊሆን ስለሚችል የአባትየውን ውሎች ልጁ ካገባበት ዓመት ጀምሮ ማየት ነው። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ «ሰን ኢን ሎው» (ዛሬ የልጅ ባል ማለት ነው) የእንጀራ ልጅ፣ «ከዝን» (ዛሬ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ) ደግሞ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ።

ሌላው ወጥመድ ቦታው ነው። ውሎች የሚመዘገቡት በካውንቲ፣ ማለትም ብዙ ከተሞችን በሚይዝ የአስተዳደር ወረዳ ነው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው የዉስተር ካውንቲ የተቋቋመው በ1731 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው ውል የሚፈለገው ከተማው ቀድሞ በነበረበት ካውንቲ ነው።

ዘመን አቆጣጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እዚህ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚሉት ማርች 25 ነበር። ጋብቻ በሜይ 1701፣ ልደት በፌብሩወሪ 1701 ተጽፎ ብታዩ ልጁ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ይመስላል፤ ፌብሩወሪው ግን በዛሬው አቆጣጠር 1702 ነው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ። ጠንቃቃ ጸሐፊዎች 1701/2 ብለው ይጽፉታል። «አንደኛ ወር» የሚል ካያችሁም ማርች ነው።

ያስደሰተኝ ግኝት አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበት የአብዮቱ ጦርነት የጡረታ ፋይል ነው። የ1832 ሕግ ቢያንስ 6 ወር ላገለገሉ ጡረታ ፈቀደ፤ በኋላ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሚስቶች ሲጠይቁ ጋብቻቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። አንዳንዶቹ የልጆቻቸው ልደት የተጻፈበትን ቅጠል ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ቀድደው ላኩ። ቅጠሉ ዛሬም ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት፣ በፋይሉ ውስጥ አለ።

ዲኤንኤ ለቅርቡ ትውልድ ረድቶኛል። አሥረኛው ቤት ላይ ግን ከአንድ ወላጅ የሚደርሰው በአማካይ ከ1,024 አንድ እጅ ነው፣ ከነጭራሹ ላይደርስም ይችላል። ስለዚህ በሰነድ ላይ «ሜሪ» ተብላ ብቻ የቀረችውን ሚስት የአባቷን ስም ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።