እንኳን ለሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ፦ ሥዕሉን ማን ሰቀለው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓለም የሠራተኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ! ነገ፣ ሚያዝያ 24፣ ስንፍናን በማሞገስ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ ደራሲ ጄሮም ኬ. ጄሮም የተወለደበት ዕለት ነው (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1859)። ሁለቱ ቀናት ጎን ለጎን መዋላቸው ደስ ይለኛል። ሥራ ፈትነትን ያወደሰ ሰው በዚህ በዓል መነሳቱ የሚከነክነው ካለ፣ መጀመሪያ የሰውየውን ኑሮ ይወቅ።

ጄሮም አባቱም እናቱም ገና በልጅነቱ ሞቱበት። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ባቡር ኩባንያ ሲገባ፣ የመጀመሪያ ሥራው ሐዲድ ዳር የሚወድቀውን ከሰል መልቀም ነበር። ከዚያ ወዲያ ተዋናይ፣ አስተማሪ፣ ዕቃ አሻጊ፣ የጠበቃ ጸሐፊ ሆኖ እንጀራውን ፍለጋ ተንከራተተ። «ሥራ እወዳለሁ፤ ይመስጠኛል፤ ቁጭ ብዬ ለሰዓታት ላየው እችላለሁ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1889 «ሦስት ሰዎች በጀልባ» ላይ የጻፈው ይህ ሰው ነው። ዕረፍት የሚጣፍጠው ብዙ ሥራ ላለበት ሰው መሆኑንም ጽፏል። ያን ያወቀው ከሰል ለቅሞ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አጎት ፖጀር አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይነሳል። «ለኔ ተዉት» ይላል። ሠራተኛዋ ሚስማር ልትገዛ ትሮጣለች፤ የሚስማሩን ልክ የሚነግራት ልጅ ከኋላዋ ይላካል። አንዱ መዶሻ፣ አንዱ ማስመሪያ፣ ሌላው መሰላል ያመጣል፤ መብራት የሚይዝም ያስፈልጋል። ፖጀር ሥዕሉን ያነሳና ይጥለዋል፤ መስታወቱ ጣቱን ይቆርጠዋል። መሐረቡ ኮቱ ውስጥ ነው፤ ኮቱ ጠፍቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ሲያስስ ቆይቶ፣ ፖጀር ብድግ ሲል ለካ ኮቱ ላይ ተቀምጦ ኖሯል! ከዚያ ሁለቱ ወንበሩን ይደግፋሉ፣ ሦስተኛው እሱን ያወጣዋል፣ አራተኛው ሚስማር፣ አምስተኛው መዶሻ ያቀብላል። እኩለ ሌሊት ገደማ ሥዕሉ ተንጋድዶ ይሰቀላል። ከፖጀር በቀር ሁሉም ደክሞት ሊሞት ነው።

ቀልድ ለምትጽፉ፣ እዚህ ላይ የምትማሩት አለ። ጄሮም ፖጀርን አንድም ቦታ አይሰድበውም። የሚያደርገው መቁጠር ብቻ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሰው፣ በቅደም ተከተል፣ ሳይቸኩል። «ሰውየው ሞኝ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢገባበት ሳቁ እዚያው ይሞት ነበር፤ ፍርዱን ለአንባቢ ስለተወው ነው ዛሬም የሚያስቀን። እኔ ግን ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው መብራት የያዘችው ሚስቱ ማሪያ ላይ ነው።

ፒ. ጂ. ዉድሃውስም ያው ነው። በርቲ የሚባለውን ሥራ ፈት ባለጸጋ ልጅና ከጉድ የሚያወጣውን አሽከር ጂቭስን የፈጠረው ይህ ደራሲ፣ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ ባንክ ቤት ሠርቷል። አንድ ልብወለድ ከመጀመሩ በፊት 400 ገጽ ያህል ማስታወሻ ያዘጋጅ ነበር፤ በሳቅ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ የሚጋጩበት ሰዓት አስቀድሞ ካልተቀመረ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1975፣ በ93 ዓመቱ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍ ያላለቀ ልብወለድ አብሮት ነበር።

ይህን ሳስብ፣ ዘንድሮ የተለዩን አራሚ ጋሼ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርገው አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነቡ ነበር፦ አንዴ ለፊደል፣ አንዴ ለትርጉም፣ አንዴ ለርዕስና ለገጽ ቁጥር ብቻ። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ያየ ዓይን በትርጉሙ ይሳብና ፊደሉን ይዘላል፤ የርዕስ ስሕተት ደግሞ በትልቁ ስለሚጻፍ ማንም አይጠረጥረውም። እንዲያ የለፉባቸው መጻሕፍት ሽፋን ላይ ስማቸው የለም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን በገነት ያኑርልን። ውለታዎ አለብን።

ዛሬ ሌሊት ተረኛ ለሆናችሁ ነርሶች፣ ለበር ጠባቂዎች፣ ከንጋት በፊት ዳቦ ለምትጋግሩ፣ መስመር ሲበጠስ ምሰሶ ለምትወጡ የመብራት ሠራተኞች፦ እናመሰግናለን፤ እንኳን አደረሳችሁ። አሠሪዎችም እንኳን አደረሳችሁ፤ በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት የደመወዙ እጥፍ ሕጋዊ መብቱ ነውና ወር ሲደርስ አትርሱት። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ የምመኝላችሁ፣ ስልካችሁ በእጃችሁ ሆኖ፣ በሩ ሳይቆለፍባችሁ፣ ማንም «ነይ» ሳይላችሁ የምትተኙበት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ነው፤ በየሳምንቱ።