ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ውጤት

ዛሬ ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የጂኖሚክስ (የሙሉ ዘረ መል መረጃ ጥናት) ሥልጠና ላይ ዋልኩ። የሰው ልጅ ጂኖም 3 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች እንዳሉት ቀድሞም አውቅ ነበር፤ ልቤን የያዘው ግን ከሰዓት በኋላ የተወያየንበት አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በሽታ አምጪ ለውጥ ሲኖርበት የጡት ካንሰር ስጋትን በሚጨምረው በቢአርሲኤ1 ጂን ላይ የተገኘው ለውጥ «ትርጉሙ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ተመድቧል፤ በሽታ አምጪ ይሁን ጉዳት የለሽ ገና ስላልተለየ፣ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ ጡትን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ አይገባም። ይህን ለታካሚ ማስረዳትን ተራ በተራ ስንለማመድ፣ እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» ወደሚል ቁርጥ ያለ መልስ ስናዘነብል ታዘብኩ፤ ይህም አሳሰበኝ። ማስረጃ ሲጠራቀም ምደባው ሊለወጥ ስለሚችል ታካሚዋን መከታተል እንደሚያስፈልግም ተረዳሁ። ከነገ ጀምሮ የቤተሰብ የበሽታ ታሪክ ስመዘግብ ስለ አባት ወገንም እጠይቃለሁ፤ ለውጡ በአባት በኩልም ይወረሳልና።