ቬኒስ በማለዳና በማታ፦ አምስት ጓደኛሞች ሆነን እንዴት እንዳየናት

ቬኒስ በቀን ገብቶ በቀን የሚወጣ ሰው ከተማዋን አየሁ ለማለት ይቸግረዋል። በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ድረስ ከሪያልቶ ድልድይ እስከ ሳን ማርኮ አደባባይ ያለው መንገድ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚኬደው። ማታ ባቡሩና አውቶቡሱ ሕዝቡን ይዞ ሲመለስ ያው መንገድ ጭር ይላል። በደሴቶቹ ላይ የቀረው ነዋሪ ከ50 ሺህ በታች ስለሆነ ከመሸ በኋላ የምታገኙት ሰው ጥቂት ነው። ጉዟችንን ያቀድነው በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነበር፤ ማለዳና ማታ ለከተማዋ፣ እኩለ ቀን ለእረፍት።

ወሩ ነሐሴ ነበር። አንዷ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከስቶክሆልም መጡ። የቀረነው ሦስታችን የምንኖረው ሙኒክ ስለሆነ አልፕስን በብሬነር በኩል በሚያቋርጠው ባቡር ሄድን። ባቡሩ በየብስ ላይ ያለችውን ሜስትሬን አልፎ ረጅሙ ድልድይ ላይ ሲወጣ በግራም በቀኝም ውሃ ብቻ ነው። ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ በር ስትወጡ ደግሞ ትልቁ ቦይ፣ ካናል ግራንዴ፣ ፊት ለፊታችሁ ነው። መኪና የለም፣ ሞተር ሳይክል የለም። አምቡላንሱም ቆሻሻ ሰብሳቢውም ጀልባ ነው።

ብዙ ሰው ዋጋ ሲያይ ሜስትሬ አድሮ ጠዋት በባቡር ይገባል። እኛ ሌላውን ወጪ ቀንሰን ካናሬጆ በሚባለው ሰፈር ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራየን። ለአምስት ሲካፈል የሚያስፈራ ዋጋ አልነበረም። ቤት ስትመርጡ ከዋጋው እኩል የምትመለከቱት ከጀልባ ማቆሚያው እስከ በሩ ስንት ድልድይ እንዳለ ይሁን። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፤ አብዛኞቹ ደረጃ ስለሆኑ ሻንጣ የሚሻገረው በሸክም ነው። የቤት ቁጥሩም የሚሄደው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው፤ ከስድስቱ ሰፈሮች እያንዳንዱ ከአንድ ጀምሮ እስከ ሺዎች ይቆጥራል። አከራዩን ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያንና አደባባይ ብትጠይቁት ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም እኩል አዋጣንና አንዷን ገንዘብ ያዥ አደረግናት። ጀልባ፣ አስቤዛና ሙዚየም ከጋራው ይወጣል፤ ቡናና የስጦታ ዕቃ ከየግል ኪሳችን። በየካፌው “እኔ ልክፈል፣ አይ እኔ” የሚለው ግብግብ ስለቀረ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነው ጓደኛችን ሳይሳቀቅ ሰነበተ። ከጓደኛ ጋር ለሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህንን ነው። ቡና ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጣት ወንበር ይዞ ከመጠጣት በብዙ ይረክሳል፤ ሳን ማርኮ አደባባይ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳን ማርኮ ስንደርስ አደባባዩ ላይ የነበሩት ጠራጊዎችና ጥቂት ፎቶ አንሺዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ወደ ሪያልቶ ገበያ ሄደን አትክልት እንገዛለን። ዓሣ ተራው እሁድና ሰኞ ዝግ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤት። መተኛት የፈለገ ይተኛል፣ ብቻውን መዞር የፈለገ ይዞራል፤ 11 ሰዓት ላይ ሳንቲ አፖስቶሊ አደባባይ እንገናኛለን። አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ ተያይዞ ጠባብ መንገድ ላይ ሲሄድ ማንም የሚፈልገውን አያይም። ነሐሴ ውስጥ ቢምቢው ብርቱ ስለሆነ ማታ የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

ቫፖሬቶ ለሚባለው የሕዝብ ጀልባ የአንድ ጊዜ ትኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል፤ ዋጋው 9.50 ዩሮ ነበር። የ72 ሰዓቱ 45 ዩሮ ስለሆነ ለሚያድር ሰው ያዋጣል። ካናል ግራንዴን ለማየት 1 ቁጥር ቫፖሬቶን ማታ ከአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከፒያሳሌ ሮማ፣ ተሳፈሩ። መነሻው እዚያ በመሆኑ ጥሩ ቦታ ይገኛል። ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ቦይ ላይ አራቱን ድልድዮች እያለፋችሁ፣ በ1591 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን የሪያልቶን የድንጋይ ቅስት ከሥሩ ታዩታላችሁ። የቤተ መንግሥቶቹ መስኮት በርቶ ጣሪያቸው ላይ ያለው ሥዕል ከጀልባው ሳይቀር ይታያል።

ጎንዶላው አከራከረን። በቀን የግማሽ ሰዓቱ ይፋ ዋጋ 90 ዩሮ ነው፣ የሚከፈለውም ለጀልባው እንጂ በሰው አይደለም፤ አምስት ሰው ይይዛልና ለእያንዳንዳችን 18 ዩሮ ደረሰን። እኔ የወደድኩት ግን ትራጌቶ የሚባለውን ነው፦ ድልድይ በሌለበት ቦታ ቦዩን የሚያሻግር ትልቅ ጎንዶላ ሲሆን በ2 ዩሮ ከሳንታ ሶፊያ ወደ ገበያው ያደርሳል። አስቤዛ ከያዙ እናቶች አጠገብ መሻገር ከተማዋ ውስጥ የገባሁ ያህል አስደሰተኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ጓደኛችን ፍልሰታን ትጾም ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም፣ ዓሣም አትበላም። እዚያ ብዙ ምግብ ቤቶች ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጥ ቤታቸውን ዘግተው እስከ ማታ 1 ሰዓት አይከፍቱም። ልክ ጾሟን ስትፈታ ሁሉ ዝግ ነው። ወጥ ቤት ያለው ቤት የከፈልንበትን ያህል የጠቀመን ለዚህ ነበር። ሽሮና በርበሬ ይዛ መጥታለች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ከሪያልቶ፣ ምስር ከሱፐርማርኬት፤ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም የእሷን ጾም ምግብ እየበላን ቤት ማረፍ ልማዳችን ሆነ። ማታ ውጭ ስንወጣ ማሪናራ ፒዛ ታዝዛለች፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት፤ አይብ የለበትም። በጾም ጣሊያን የሚሄድ ሰው ይህን ስም ይያዝ።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ግን ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ያለው የፍራ ማውሮ ካርታ ነው። እኛ የገባነው በኮሬር ሙዚየም በኩል ነበር፤ ትኬቱ ዶጅ የሚባለውን የጥንቱን የቬኒስ ገዢ ቤተ መንግሥትም ያጠቃልል ነበር። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ውስጥ ሆኖ የሠራው ክብ የዓለም ካርታ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ ኢትዮጵያ ከላይ በኩል ናት፤ በወንዝ፣ በተራራና በከተማ ስም ተሞልታለች። መነኩሴው “ይህን ያገኘሁት እዚያው አገር ከተወለዱ ሃይማኖተኞች ነው፣ አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በእጃቸው ሥለው አሳዩኝ” ብሎ እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። በ1441 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር። አባይና አዋሽ እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፈው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስማቸው ያልተጻፈ አባቶች አገራቸውን ለአውሮፓ በእጃቸው አስረድተዋል።

ዝምድናው ከዚያም ይቀድማል። በ1402 እ.ኤ.አ. የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው እዚችው ከተማ ገብተዋል፤ መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነበር። ከቬኒስ ደግሞ ሠዓሊው ኒኮሎ ብራንካሊዮኔ ኢትዮጵያ ሄዶ ለአስርት ዓመታት ኖሯል። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ እጇ ታቅፋ ቢሥላት ብዙ ሁከት ተነሥቶበታል። ወደዚያ የሚሄድ አበሻ የሳን ማርኮን ሰልፍ እንኳ ቢተው ይህን ካርታ ሳያይ እንዳይመለስ እለምነዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ከፎንዳሜንቴ ኖቬ 12 ቁጥር ጀልባ ይዘን፣ አሁን የከተማዋ መካነ መቃብር የሆነችውን ያችኑ ሳን ሚኬሌን እያለፍን፣ ወደ ቡራኖና ቶርቼሎ ደሴቶች ሄድን። የቡራኖ ቤቶች ቀለም ለፎቶ ያምራል፣ ቶሎም ይታያል። ቶርቼሎ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በ639 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካቴድራል የምዕራብ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የመጨረሻው ፍርድ ሞዛይክ ነው። ጿሚዋ ጓደኛችን ከታች ወደ ላይ እያመለከተች፣ ነፍሳት ሲመዘኑ፣ ኃጥኣን ከጻድቃን ሲለዩ፣ አንድ በአንድ አስረዳችን፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስታየው ያደገችው ነውና መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ለአንድ ደሴት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ቶርቼሎን ይምረጥ፤ ከቡራኖ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ወደ ከተማ የሚመለሰው ጀልባ ግን ከሰዓት በኋላ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ መሰለፍ ያስፈልጋል።