ካርቲየሩና የኔ 350 ብር

ባለፈው ጥር ሸዋ ሮቢት ሰርግ ነበረብን። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጥታ እጇ ላይ ያ ውዱ የፈረንሳይ ጌጣጌጥ ቤት ካርቲየር የሚሠራው፣ በካቻቪቴ የሚታሰረው የወርቅ አምባር አለ። ታውቁት ይሆናል፣ ላቭ የሚሉት፤ አልዶ ቺፑሎ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ገበያ በ350 ብር የገዛሁትን አርቴፊሻል፣ ሀብሉን ከነጉትቻውና ከነአምባሩ፣ ግጥም አድርጌ ወረድኩ።

ማን እንደተዝናና ልንገራችሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ እጅጌዋን ስትጎትት ዋለች። እጇን ስትታጠብ አምባሩን ታያለች፣ ሰው ሲበዛ አምባሩን ታያለች፣ እስክስታው ሲደምቅማ ጭራሽ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እኔ ትከሻዬ እስኪወልቅ ጨፍሬ አንዱ ጉትቻ ዳስ ውስጥ ወደቀብኝ። ሌላውን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና ቀጠልኩ። አለቀ።

አልዋሽም፣ አርቴፊሻልም ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሁለት ወር ሳደርገው ምንም ያላለኝ አምባር፣ ሮቢት በወረድኩ በግማሽ ቀን አንጓዬን ዙሪያውን አረንጓዴ አድርጎት አረፈ። ከቅቡ ስር ያለው ናስ ነዋ! ናስ ውስጥ መዳብ አለ፣ መዳብና ላብ ሲገናኙ እንዲህ ያደርጋሉ። በሳሙና ይለቃል። ውስጡን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ብትቀቡት ደግሞ ለጊዜው ይከላከላል። የሚያሳክካችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚባለው ብረት ነው፤ እሱን “ይለምደኛል” ብላችሁ አትታገሉት፣ አውልቁት።

“ታዲያ አጠራቅመሽ ወርቅ አትገዢም?” ይሉኛል። ወርቅማ ንብረት ነው፣ ከወርቅ ጋር ጠብ የለኝም። የማይገባኝ ለስሙ የሚከፈለው ነው። 18 ካራት የትም ይሠራ የት 75 በመቶ ወርቅ ነው፣ ቸግሮሽ እዚህ አገር ወርቅ ቤት ብትወስጂው ደግሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው ግራሙ እንጂ ካርቲየርነቱ አይደለም። የአያቴን የብር መስቀል አንጥረኛ ከማርያ ቴሬዛ ብር አቅልጦ ነው የሠራላት። አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ስለሆነ ስንት ሰጥታ ስንት እንደተቀበለች ለይታ ታውቃለች። የአንጥረኛውን ስም ብጠይቃት ግን አታስታውሰውም።

በመልሱ ቀን የአክስቴ ልጅ በቃኝ አለች። አምባሩን ለማውለቅ ፈልጋ ለካ የራሱን ትንሽዬ ካቻቪቴ ዱባይ ረስታዋለች! ቤቱ በሙሉ ካቻቪቴ ፍለጋ ተሰማራ፣ የተገኘው ሁሉ ትልቅ ነው። መጨረሻ ላይ ከሞባይል ጠጋኝ ተውሰን ፈታነው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቆለፈችበትና የኔን ሀብል አድርጋ ወጣች። ስትጨፍር ብታዩዋት!

ሀብሌን ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።