ሹሩባዋ ጠርቶ ዓይኗ የደበዘዘበት ፎቶ

ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያነሳኋትን ሙሽራ ፎቶ ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የሹሩባዋ ጉንጉን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኗ ግን ደብዝዟል። ቀጣዩንም አየሁ፣ ያው ነው። ክው አልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እጄን ነበር። ግን እጄ ቢንቀጠቀጥ ሹሩባውም አይጠራም። በዚያው ካሜራ፣ በ35 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ያነሳኋቸው የቤተሰብ ፎቶዎች ደግሞ ጥርት ያሉ ናቸው። እንግዲያው የተበላሸው ሙሽራዋን ያነሳሁበት 85 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ነው ብዬ ልሸጠው ሁሉ አሰብኩ።

ትላንት ረጋ ብዬ ሳስበው መቸኮሌ ገባኝ። በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራዬ 35ቱን በአፐርቸር 4 (አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከ2 ሜትር ርቀት ሳነሳ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠራው ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፎከሱ ጥቂት ቢስትም አይታወቅም። 85ቱ በ1.8፣ ከ1.5 ሜትር የሚሰጠኝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ካሜራውን መስኮት አጠገብ ትሪፖድ ላይ አቆምኩት። የአምፖል ቢጫ ብርሃን ራሱ ፎከስ ሊያስት ስለሚችል የቀን ብርሃን ነው የፈለግኩት። አንድ የጋዜጣ ገጽ ፊት ለፊት አቁሜ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አጋደልኩ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ፎከሱን በእጄ እያዛባሁ 10 ጊዜ አነሳሁ። የ85ቱ ፎከስ አሥሩንም ጊዜ ከጋዜጣው ኋላ፣ እዚያው ቦታ ላይ አረፈ። በላይቭ ቪው፣ ማለትም የካሜራውን ስክሪን እያየሁ፣ ስሞክረው ግን አንዱንም አልሳተም።

ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። እንደኔ ባለ መስታወት ካሜራ በቪው ፋይንደር (በዓይን ማያው ቀዳዳ) እያዩ ሲያነሱ፣ ፎከሱን የሚለካው ከመስታወቱ ሥር ያለ ሌላ ሴንሰር ነው። ፎቶው የሚቀረጸው ደግሞ ከኋላ ባለው ዋናው ሴንሰር ላይ። ሁለቱ በጥቂቱ ካልተናበቡ ፎከሱ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ይስታል፤ መጠኑም ከሌንስ ሌንስ ይለያያል። ላይቭ ቪው ከዋናው ሴንሰር ስለሚለካ ይህ ችግር የለበትም። ካሜራዬ ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻው ከ−20 እስከ +20 ይመዘግባል። የ85ቱን ፎከስ ወደ ፊት ለማምጣት −9 ላይ አደረግኩት።

የከበደኝ የድሮው 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ነው። ፎከሱ አንዴ ፊት፣ አንዴ ኋላ፣ አንዴ ልክ። እንዲህ የሚዋልለውን ሌንስ የማስተካከያው ቁጥር አያቀናውም። ሞተሩ ሳይደክም አይቀርም። ከእንግዲህ ሠርግ ላይ አልይዘውም።

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። የዓሣ ትራፊ ከሚጠብቁት አባ ኮዳዎች አንዱን በ85ቱ፣ በ1.8 አነሳሁት። ዓይኑ ጠራ።

ለሙሽሪት ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፤ በነጻ እንደገና ላንሳሽ አልኳት። «እሺ ወንድሜ፣ ሹሩባው ሳይፈታ ግን ቶሎ በል» አለችኝ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀጣጥረናል።