የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ

እማዬ ጋ ሳልሄድ ሁለት ሦስት ወር ካለፈኝ በር ላይ የምትቀበለኝ በአንድ ነገር ነው። «አንቺ ልጅ፣ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ነው እንዴ ብቅ የምትዪው?» አባባሉን ስሰማው ነው ያደግኩት። ወፏ በመስከረም ትመጣለች፣ አደይ ሲረግፍ ትሄዳለች። የት ነው የምትሄደው ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም።

መስከረም 2016 ላይ ያልተሰመረ ደብተርና አንድ ኤችቢ እርሳስ ገዛሁ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም። እኛ ሰፈር፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። እሁድ እሁድ ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ልስል ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ዓመቱን ሙሉ፣ ቦታ ሳልቀይር።

የመጀመሪያው ገጽ አደይ አበባ ነው። መሀሉን አንድ ቢጫ ክብ አድርጌ ልጨርሰው ብዬ ጠጋ ስል ክብ አይደለም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን የቻለች ጥቃቅን አበባ ናት፤ አንድ አደይ ብለን የምንቀጥፈው ለካ እቅፍ ሙሉ አበባ ኖሯል! ያን ጠዋት ሌላ ምንም ሳልስል ቤት ገባሁ።

ቀጥሎ ወፉ መጣ። ወንዱ ነው ያ የምናውቀው፦ አናቱ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጭራው ላይ ከራሱ ቁመት የሚበልጡ አራት ላባዎች። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ሳሩ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። እሱ ከአናቷ በላይ አየር ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ሲጨፍር፣ ሌላ ወፍ ጠጋ ሲል ደግሞ ሲያባርር ይውላል። አንድ ቦታ አይረጋልኝም። ስድስት ገጽ ጨርሼ እጄ ላይ የቀረው ጭራው ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ሜዳው ገለባ መሰለ። ከአራቱ ላባዎች ሁለቱ ጠፍተዋል፣ ነጩ ሆዱም ዥጉርጉር ብሏል። የታመመ መስሎኝ ከልቤ አዘንኩ። ታኅሣሥ ላይ ጭራሹኑ የለም። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ ራሱ ጭንቅ ነው፣ ሳሩ ውስጥ ድንቢጥ የመሰሉ ቡናማ ወፎች ብቻ ዘር ይለቅማሉ። ሌላ ስላጣሁ እነሱን ሳልኩ። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ በከለር ስቀባ፣ ለምንቃራቸው ቀዩን አንስቼ እጄ ቆመ። ይሄን ቀይ መስከረም ላይም ተጠቅሜበታለሁ።

እርግጠኛ ለመሆን ግን ወራት ፈጀብኝ፤ በበጋ ሴቷም ወንዱም ተመሳሳይ ስለሆኑ መለየት አልቻልኩም። መጋቢትና ሚያዝያን ጃካራንዳው ወሰደብኝ፣ ወይን ጠጅ ከለሬን ጨረሰው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ከቡናማዎቹ አንዱ አናቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዤ ተቀመጥኩ። ጉሙ እንጦጦን ውጦታል፣ ባሕር ዛፎቹ ሦስት መስመር ብቻ ሆነው ቀርተዋል፣ ወረቀቱ ረጥቦ ተሸብሽቧል፤ እሱ ግን ዝናቡ ውስጥ ጭራውን እያስረዘመ ነው። ያንን ገጽ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ እርሳሱ ተሻሽቶ መልኩ ባይታወቅም።

ወፉ የትም አልሄደም ነበር። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ ሴቷን ይመስላል፣ ሲደርስ መልሶ ይለብሳል። (ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ትናንሽ ወፎች ጎጆ ነው፣ ጫጩቶቿንም እነሱ ያሳድጉላታል፤ ይሄን በኋላ አንብቤ ነው ያወቅኩት።) በባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚያልቀው መስከረም 25 ነው፣ መስቀል ደግሞ 17። እሱ በክረምቱ መሀል ለብሶ ጨርሷል። መስከረም ላይ ከቤት ብቅ የምንለው እኛ ነን።

ለመስቀል እማዬ ጋ ስሄድ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ቀስ እያለች ገለጠችው። አደዩን አለፈችው፣ የመስከረሙንም ወፍ አለፈችው፣ ታኅሣሥ ላይ ቆመች።

«ይቺንማ አውቃታለሁ። እህል ሳበጥር ጓሮ እየመጣች የምትለቅመዋ ናት።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ነው የመስቀል ወፍ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ዝም አለች። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ወንበሯን ወደ ጓሮው በር አዞረችው።